አዲሱ ሳይክል ጫኖ የገባ ለት

ሰው በስድሳ ስድስት ዓመቱ ሳይክል ይገዛል ወይ? ይገዛል እንጂ! ጋሽ ተክለጻድቅ ገዙ፤ ማን ምን ያመጣል? አርባ ምንጭ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ ካለው ሱቅ ባለ ማርሹን ሰማያዊ ሳይክል እየገፉ ሲወጡ፣ ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ልጆች ጥሩምባቸውን እያንጫረሩ «አባባ፣ ለልጅ ልጅ ነው?» አሏቸው። «አዎን፣ ለልጅ ልጅ ነው» ብለው ዓይናቸውን ሳያሹ ዋሹ። የልጅ ልጅ የሚባል ነገር የላቸውም። ከሲቀላ ቤታቸው እስካለበት እስከ ሴቻ ያለውን ዳገት አንዴም ሳይቀመጡበት እየገፉት ወጡ፤ በዚህ ዕድሜ ሰው ፊት ተንከባለው መሳቂያ መሆን አልፈለጉም። ቤት ሲደርሱ ሳሎን አስገብተው ከሶፋው አጠገብ አቆሙት። ሶፋው ላይ የሚቀመጥ ሰው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ሳይክልም ቢሆን አጠገቡ ይቁም።

ጋሽ ተክለጻድቅ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው። ገና ጎረምሳ ሳሉ የጂኦግራፊ መምህር ሆነው አርባ ምንጭ ተመደቡ። «ትንሽ ሠርቼ እዛወራለሁ» ብለው የመጡት ሰውዬ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጣይቱ ያረፉት ካቻምና ነው። የለቅሶው ሰሞን ግቢው ሰው አይችልም ነበር። ድንኳኑ እስከ መንገድ ወጥቶ፣ እድርተኛው፣ የትምህርት ቤቱ ሰው፣ ድሮ ያስተማሯቸውና ዛሬ ሽበት ያወጡ ተማሪዎቻቸው ሳይቀሩ ግጥም ብለው መጡ። በሐዘናቸው መሃል «ለካ ይህን ያህል ሰው አለኝ!» ብለው ደንቋቸው ነበር። ከዚያ ድንኳኑ ተነቀለ። ሙት ዓመቱ ወጣ። ሰዉም ወደየጉዳዩ ሄደ፤ ማን ይወቀሳል? ሁሉም ኑሮ አለበት። ግራና ቀኝ ያሉት ጎረቤቶች በተከራይ ተተኩ፤ ተከራዮቹም በጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። አንዳንድ ቀን ጋሽ ተክለጻድቅ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ዳቦ ቤት ሄደው «ትኩስ ነው?» ማለታቸው ብቻ ነው። ማታ አልጋቸው ላይ ጋደም ሲሉ ይኼ ትዝ ይላቸዋል።

አንድ ልጃቸው ኑሃሚን አዲስ አበባ ትኖራለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እንዲያውም ያስቸገረቻቸው አሳቢነቷ ነው። «አባዬ፣ አንድ ክፍል አዘጋጅቼልሃለሁ፤ ቤቱን እናከራየውና እኔ ጋ ና» ስትል ከረመች። እሳቸው አንዴ ብርዱን፣ አንዴ ጉልበታቸውን፣ አንዴ የጓሮውን ማንጎ ምክንያት እያደረጉ ሲያመልጧት ቆዩ። ባለፈው እሁድ ግን ማምለጫ የሌለው ጥያቄ አመጣች።

«እሺ አባዬ፣ እዚያ ማን አለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ሰው አለኝ!»

«ማን? ስሙን ንገረኝ። ሄደህ በሩን ስታንኳኳ፣ ምን ፈልገህ ነው ሳይልህ ግባ የሚልህ አንድ ሰው ጥራልኝና ሁለተኛ አላነሳብህም።»

«ባፈና አለ!»

«ጋሽ ባፈናን መቼ ነው ያየኸው?»

ጋሽ ተክለጻድቅ ስለ ጓሮው ማንጎ ማውራት ጀመሩ። ኑሃሚን ጎበዝ ልጅ ናት፣ ስታሸንፍ ሰው ላይ አትፎክርም። ረጋ ብላ «በል የሚቀጥለው እሁድ በጠዋት እደውላለሁ። ቁርጡን ትነግረኛለህ። ከዚያ በኋላ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ባፈና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጫኖ መንደር ልጅ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ከጋሽ ተክለጻድቅ ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አብረው አርጅተዋል። በወንደላጤነታቸው ዘመን አንድ አሮጌ ፊኒክስ ሳይክል ለሁለት ነበራቸው፤ አንዱ ሲነዳ አንዱ ከኋላ ይፈናጠጣል፤ ሴቻ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ባፈና ጫኖ ገብቶ የአባቱን መሬት ያዘ፤ ሙዝና ማንጎ ያለማል። ለጣይቱ ለቅሶ ሦስቱንም ቀን እዚያው ድንኳን ውስጥ አድሯል። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነበር የሚገናኙት። አሁን ደግሞ ስልኩ ዝግ መሆን ከጀመረ ሰነበተ።

ታዲያ ጫኖ ሚኒባስ አይሄድም ወይ? ሞልቷል! ይህን የሚጠይቅ ግን ጋሽ ተክለጻድቅን የማያውቅ ነው። በሚኒባስ ተሳፍሮ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ጉዳይ የላቸውም። «ብቸኝነት ገደለኝ፣ ልይህ ብዬ መጣሁ» ማለት ደግሞ ለእሳቸው ሞት ነው፤ የደብረ ታቦር ኩራት በአርባ ምንጭ ሙቀት አልቀለጠም። በሳይክል የመጣ ሰው ግን የሚለው አለው። «ሳይክል ገዝቼ፣ እስኪ ረጅም መንገድ ልሞክረው ብዬ፣ በዚያው ብቅ አልኩ» ይላል። አያምርም? ዓረፍተ ነገሩን መስተዋት ፊት ቆመው ሳይቀር ተለማምደውታል። ሳይክሉ የተገዛው ለዚህች ዓረፍተ ነገር ነው ቢባል ሐሰት አይደለም።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሱ። ፀሐይዋ ሳትከር፣ ባጃጆቹም ሳይነሱና ሳይዘባበቱባቸው ለመድረስ ነው። ንፋስ ደረቴን እንዳይመታኝ ብለው ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው፣ ጫፉን ጎማው እንዳይበላው ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉት። የሴቻን ቁልቁለት ሁለቱንም ፍሬን ጨምድደው፣ «በስመ አብ!» እያሉ ወረዱት። ሲቀላ መናኸሪያ ጋ አንድ ረዳት በእንቅልፍ ድምፁ «ምዕራብ ዓባያ! ምዕራብ ዓባያ!» ይላል፤ ከሱ በቀር ከተማው ተኝቷል። ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ሲደርሱ በሶምሶማ የሚሮጡ ተማሪዎች ገጠሟቸው። «በርታ ፋዘር!» አላቸው አንዱ። ፋዘር መባላቸው ቢያናድዳቸውም መበርታት ግን በረቱ።

ከተማው ካለቀ በኋላማ መንገዱ የእሳቸው ሆነ። ማርሹን ቀየር ሲያደርጉት ሳይክሉ ቀለል ብሎ ሄደ። በግራ የጋሞ ተራሮች እንደ ጠቆሩ ናቸው፤ በቀኝ ሰማዩ ነጣ ማለት ጀምሮ ዓባያ ሐይቅ እንደ ደፈረሰ ሻይ ቀልቶ ታየ። የሙዙ እርሻ እርጥብ ሽታ መጣ። ጋሽ ተክለጻድቅ ሳይታወቃቸው «ጣይቱ፣ አየሽ?» አሉ ጮክ ብለው። ወዲያው ፊታቸው ቀላ። ማን ሰማቸው? ማንም። መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ የሚመልስላቸውም የለም። ደስታቸው እዚያው ላይ ግማሽ ሆነ፤ ደስ ሲል አጠገብ ሰው ከሌለ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያስለቅሳል። ቢሆንም ረገጡ። «ባፈና ይኼን ማርሽ ሲያይ ያብዳል» እያሉ ረገጡ። እግራቸው ተንቀጠቀጠ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ አንዴ ወርደው ማንጎ ሥር ተቀመጡና ደግሞ ቀጠሉ።

ጫኖ ሲደርሱ ሰማዩ ነጥቷል፣ ፀሐይዋ ግን አልወጣችም። ድሮ የቁልቋል አጥር የነበረው ሁሉ ቆርቆሮ ሆኖ የባፈና በር ጠፋቸው። አንዲት ሊሻን የምትባል ጎልማሳ ሴት ደጇን ትጠርጋለች። ጋሽ ተክለጻድቅ ከሳይክሉ ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ፤ ማለዳ ነዋ፣ ሰው ይተኛል።

«እንደምን አደርሽ፣ የኔ ልጅ? የመምህር ባፈና ቤት የቱ ነው?»

ሊሻን መጥረጊያዋን ያዝ አደረገች። «ያኛው፣ አረንጓዴው በር። ከየት ነው የመጣኸው፣ አባ?» እዚያ መንደር አማርኛ ሲናገሩ «እርስዎ» ብዙም አይሉም፤ ሰው የሚያከብሩት በድምፃቸው ነው፤ የሊሻን ድምፅ ደግሞ አክብሮትም ፍርሃትም ነበረበት።

«ከአርባ ምንጭ።»

«አሁን? በጨለማ ተነስተህ?»

«አዎ። ባፈና አለ?»

«ውሃ ላይ ነው። ዛሬና ነገ የመስኖ ተራው ነው፤ ቦይ ጋ ነው ያደረው።»

«ሚስቱ ዘርፈሽስ? ብቻዋን ናት?»

«ብቻዋን ናት።» ሊሻን ጠጋ አለች። «ምነው? ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው እንጂ።»

ወይ ጋሽ ተክለጻድቅ! ይህን ሁሉ ዘመን በዚህ አገር ኖረው!

ሳይክላቸውን እየገፉ ወደ አረንጓዴው በር አመሩ። ከኋላቸው መጥረጊያው ሲወድቅ ሰሙ፤ ቀጥሎ ሊሻን በአጥሯ ላይ ለጎረቤት በጋሞኛ አጠር ያለ ነገር ስትናገር ሰሙ። ጋሞኛ ይሰማሉ፣ ግን በሹክሹክታ አይደለም። ትንሽ እንደሄዱ የእግር ኮቴ ተከተላቸው። ዘወር ሲሉ ወንደሰን የሚባለው ጎረቤት ቡልኮ ለብሶ ቆሟል። እሱ ቆም ሲል ሁለት ሴቶች ከሌላ በር ወጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ሌላም መጣ። ማንም ሰላም አላለም። ጫኖ ውስጥ እንግዳ ሰላም ሳይባል! ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ክው አሉ።

ነጠላ ያዘቀዘቀ ሴት፣ ዝም ብሎ የሚከተል ጎረቤት፣ ማለዳ። ይህንማ ያውቁታል። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ከቤት አስገብቶና አስቀምጦ ነው የሚነገረው። ያ ስልክ የተዘጋው ለካ ለዚህ ነው! «ውሃ ላይ ነው» ያለችኝ ልትሸፍንልኝ ነው። ባፈና ሞቷል። ባፈና ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ እኔ ሴቻ ተቀምጬ መስተዋት ፊት ሳይክል ሳይክል እላለሁ።  አረንጓዴውን በር በመዳፋቸው መቱትና እዚያው ላይ ተደገፉ፤ ሳይክሉ ከእጃቸው አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀ።

«ወንድሜን!» አሉ። «ወይኔ ወንድሜን!»

በሩ ተከፈተ። የባፈና ሚስት ዘርፈሽ ሻሽ እንኳ ሳታስር ወጣች። ምን አየች? ከአርባ ምንጭ በማለዳ የመጣ፣ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ በሯ ላይ ተደግፎ ያለቅሳል፤ ከኋላው ጎረቤቷ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ ሕዝቅኤል፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። እንግዲህ ይህን ያየች እናት ምን ታስብ? ስሙን ልትጠራ አፏን ከፍታ ጩኸት ብቻ ወጣት። ያ ጩኸት ቋንቋ አልነበረውም፤ ከየትኛውም አገር የመጣ ሰው ይገባው ነበር። መሬት ላይ ወደቀች፤ ሊሻን ደረቷን እየመታች ላይዋ ላይ ወደቀች፤ ወንደሰን በቡልኮው ፊቱን ሸፈነ፤ ሰፈሩ በለቅሶ ተናጋ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ደግሞ ምን ያድርጉ? የጓደኛቸው ሚስት ባሏን እያለቀሰች መሰላቸው! ጎንበስ ብለው ትከሻዋን ያዙ።

«አይዞሽ ዘርፌ፣ አይዞሽ፤ ምን ይደረጋል! መቼ ነው?»

«አንተ ንገረኝ እንጂ!» አለች ጋቢያቸውን ጨምድዳ። «አንተ ንገረኝ፣ መቼ ነው? ታሞ ነው? በጥይት ነው?»

«እኔማ ምኑን አውቄ! አሁን እዚህ ደርሼ ነው ያወቅሁት!»

በዚህ መሃል ከሙዙ ውስጥ አንድ ሰው አካፋ ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ እየሮጠ መጣ። ባፈና ነው። ጋሽ ተክለጻድቅ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የሞተው ሰውዬ አካፋውን ወርውሮ ጋቢያቸውን አንቆ ያዛቸው።

«ሕዝቅኤል ምን ሆነ? ተክሌ፣ ልጄ ምን ሆነ?»

«ሕዝቅኤል? ሕዝቅኤል ምን ሆነ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ መርዶ ይዘህ የመጣኸው!»

«እኔ? የምን መርዶ? አንተ አይደለህ እንዴ የሞትከው!»

 ለቅሶው እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ። ዘርፈሽ ከመሬት ቀና ብላ አንዴ ባሏን፣ አንዴ እንግዳውን አየች። ሊሻን አፏን በእጇ ያዘች፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተች ገብቷታል። «ብቻዋን ናት ወይ ሲለኝ… እንዳትደነግጥ ሲለኝ…» እያለች ተንተባተበች። እውነቷን ነው፤ በዚህ አገር በማለዳ መጥቶ «ብቻዋን ናት? እንዳትደነግጥ!» የሚል ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? «ደህና ነው» ማለቱም አያድነውም፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ «ደህና ነው» ነው የሚለው።

«ደውሉ!» አለች ዘርፈሽ። «ድምፁን ካልሰማሁ አላምንም። ደውሉ!»

ወንደሰን በእሷ ስልክ ደወለ። ጠራ፤ አልተነሳም። ደገመ፤ አልተነሳም። ያን ጊዜ የተመለሰው ፍርሃት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ አሁን የሚያለቅስ የለም፣ የሚተነፍስም የለም። ጋሽ ተክለጻድቅ በሆዳቸው «አምላኬ፣ በኔ ምክንያት አታድርገው» አሉ። ሳይክሉን፣ ማርሹን፣ ያቺን ያጠኗትን ዓረፍተ ነገር ረገሙ። ወንደሰን እንደገና ደወለ።

«ሃሎ?» አለ የእንቅልፍ ድምፅ። ወዲያው ደግሞ ድምፁ ነቃ፤ «እማዬ? ምነው በዚህ ሰዓት? ማን ሞተ? አባዬ ነው? እማዬ፣ ንገሪኝ፣ አባዬ ነው?»

ዘርፈሽ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ባፈና ነጥቋት «አልሞትኩም አንተ! ተኛ!» ብሎ ጮኸበት። በዚህ ጊዜ ሊሻን ሳቋ መጣ። ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ እንባዋ እየፈሰሰ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ወንደሰን ዞረ፣ ወደ ሴቶቹ ዞረ፣ ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን እየገለበጠ ሳቀ። የባፈና ግቢ ሰው በሰው ሆነ። ጋሽ ተክለጻድቅ መሃላቸው ቆመው ነበር። ይህን ያህል ሰው ከቧቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የጣይቱ ድንኳን ሳይነቀል በፊት ነው።

የማይስቅ አንድ ሰው ቢኖር ባፈና ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደውለህ አትመጣም እንዴ፣ ሰውዬ?»

«በየት ስልክ? ስንት ጊዜ ደወልኩ! ዝግ ነው!»

«ቦይ ውስጥ ገባብኛ! ታዲያ ምን አስቸኮለህ? በዚህ ሰዓት ምን ጉዳይ አለህ?»

ይኸው መጣች፣ ዓረፍተ ነገሯ የምትነገርበት ሰዓት። ጋሽ ተክለጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳይክል ገዝቼ፣ እስኪ ረጅም መንገድ ልሞክረው ብዬ…» ሁሉም ዞር ብለው ሳይክሉን አዩ። በር ላይ እንደወደቀ ነው፤ መሪው ዞሯል፣ ካቴናው ወልቆ ተንጠልጥሏል።

«ለሳይክል?» አለ ባፈና። «ሚስቴን በማለዳ የገደልካት ለሳይክል ነው?»

ጋሽ ተክለጻድቅ ከወደቀው ሳይክል ላይ ዓይናቸውን አነሱ። ሊዋሹ አስበው ነበር፤ ሊሄዱም አስበው ነበር። ሁለቱም አልሆነላቸውም።

«ለሳይክል አይደለም» አሉ። «ሰው አማረኝ፣ ባፈና። ቤቴ ሰው አይመጣም። ኑሃሚን እዚያ ማን አለህ አለችኝ፤ አንተን ጠራሁላት። እውነት መሆኑን ልይ ብዬ ነው የመጣሁት። በቃ፣ ይኼው ነው።»

ሳቁ ቆመ። ሊሻን ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ባፈና አንዴ እግሩ ላይ ያለውን ጭቃ፣ አንዴ ሙዙን አየ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ምን እንደሚባል የማያውቁ ወንዶች አሉ፤ ባፈና ከነሱ አንዱ ነው። «ውሃው እየሄደብኝ ነው» አለ በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተራዬ ካለፈ እስከ ሌላ ሳምንት አላገኝም። ተቀመጥ፤ እመጣለሁ።» አካፋውን አንስቶ ወደ ሙዙ ገባ።

አልመጣም። ውሃ እንደሆነ ሰው አይጠብቅም፤ ተራው እስኪያልቅ ቦዩን የሚተው ገበሬ የለም። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ወደየሥራቸው ሄዱ፤ ወንደሰን ግን ከመሄዱ በፊት ካቴናውን መለሰላቸው፣ መሪውንም አቀናላቸው። ጋሽ ተክለጻድቅ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ዘርፈሽ ሙዝና ሻይ አቀረበች፤ ድንጋጤው ገና ስላልለቀቃት ሻዩ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ያንን የፈሰሰ ሻይ ሲያዩ ቁርጡን አወቁ። ይህን ያህል መንገድ ረግጠው ለሰው ያመጡት ነገር ቢኖር ድንጋጤ ነው። ጓደኛቸው ወደ ውሃው ሄዷል። ለኑሃሚን «እመጣለሁ፣ ክፍሉን አዘጋጂ» ይሏታል፤ ያልቃል። ነገሩ ስላበቃ ትንሽ እፎይታም ነበረው።

«በይ ልሂድ፣ ዘርፌ። ፀሐይዋ ሳትበረታ። ይቅር በይኝ።»

ዘርፈሽ ልትሸኛቸው እስከ በሩ መጣች። ሳይክሉን አንስተው ጋቢያቸውን መቀመጫው ላይ ሲያጥፉ አየቻቸው።

«ጋሼ» አለች። «ነገ ትመጣለህ?»

«ነገ? ነገ ምን ልሠራ? የዛሬው ይበቃሻል።»

«ና። በዚሁ ሰዓት ና።» እጇን በሩ ላይ አሳረፈች። «ሕዝቅኤል ከሄደ ወዲህ እኔ በማለዳ ይህ በር ሲንኳኳ እሞታለሁ። ባፈና ውሃ ላይ ሲያድር ብቻዬን ነኝ፤ ወተት የምታመጣው ልጅ ስታንኳኳ እንኳ ቶሎ አልከፍትም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ታሟርታለች ይሉኛል። ዛሬ አንተ አንኳኳህ፤ ፈራሁ፣ ጮህኩ፣ ግን ማንም አልሞተም። ነገም ና። ከነገ ወዲያም ና። ማንም ሳይሞት አንኳኳልኝ። ልልመደው።»

ጋሽ ተክለጻድቅ የሳይክሉን መሪ ያዝ አደረጉ። «እሺ» አሉ።

ተመልሰው ሲሄዱ ፀሐይዋ ጠብሳቸዋለች። የሴቻን ዳገት እየገፉ ሲወጡ የባጃጅ ልጆች «አባባ፣ የልጅ ልጁን ሳይክል!» ብለው ሳቁባቸው። ቤታቸው ገቡ፤ የዚያን ቀንም ማንም አልመጣም። ምሳቸውን ብቻቸውን በሉ፣ እራታቸውን ብቻቸውን በሉ። እግራቸው ስላበጠ በሞቀ ውሃ ነክረው አሹት። «የሴት ነገር፣ አዝናልኝ ነው ያለችው፣ ነገ ብሄድ ደግሞ ትታዘበኝ ይሆናል» እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ መሸ።

እሁድ ማለዳ አረንጓዴው በር ፊት ቆመው ነበር። ሊሻን ደጇን እየጠረገች «እንደምን አደርክ፣ አባ!» አለቻቸው ጮክ ብላ፤ አልተከተለቻቸውም። ጋሽ ተክለጻድቅ ሳይክሉን አጥሩ ላይ አስደግፈው ትንሽ ቆዩ።  ከዚያ በጣታቸው ቀስ አድርገው አንኳኩ።

ከውስጥ የእግር ኮቴ መጣና በሩ ጀርባ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ሴትየዋ ስትተነፍስ ይሰማቸዋል።

«ማነው?» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ተክለጻድቅ ነኝ፣ ዘርፌ።»

መቀርቀሪያው ተሳበ፤ በሩ ተከፈተ። ዘርፈሽ ሻሿን አስራ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እንደ መፍራትም እንደ መሳቅም አድርጓት ቆማለች።

«ግባ» አለች።

ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ኑሃሚን ናት። አንድ እግራቸውን ደጁ ላይ፣ አንዱን ግቢው ውስጥ አድርገው አነሱት።

«አባዬ፣ እንዴት አደርክ? ቁርጡን ልትነግረኝ ነበር።»

«ልጄ፣ ቆይቼ ልደውልልሽ» አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ። «አሁን ሰው ቤት እየገባሁ ነው።»